በሁለት ብረት መካከል

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሟቹ ገና ከብረቱ ሥር አልወጣም ነበር። ግማሽ ቶን የሚመዝነው፣ የፕላስቲክ ባልዲ የሚቀረጽበት ሞልድ ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወርዶ፣ ተንበርክኮ የነበረውን ሰው ከአንገቱ በላይ ከሲሚንቶው ወለል ጋር አጣብቆታል። የሚታየው ሰፊ ጀርባው፣ በሰማያዊ ቱታ የተሸፈኑት እግሮቹና ወደ ጎን የተዘረጋው አንድ እጁ ብቻ ነው። ደሙና ዘይቱ ሳይቀላቀሉ፣ ጎን ለጎን እየተሳቡ ወደ ፍሳሹ ቦይ ይወርዳሉ።

«ማንም ምንም እንዳይነካ» አለ ኢንስፔክተሩ።

ቃሉን ሳይጨርስ ከግቢው የሰው ጩኸት ተሰማ። ሲወጣ አንድ ግዙፍ ሰው አንዱን ጎልማሳ በአንገትጌው አንቆ፣ በውሃ ቧንቧ ጀርባውን ይወቅጠዋል። ሦስተኛውን ምት ጭንቅላቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲሰነዝር ከኢንስፔክተሩ ጋር የመጣው ሳጅን ከኋላ ክንዱን ጠመዘዘው። ቧንቧው እየተንቀጫቀጨ ወደቀ። ተመቺው በአፉ ደም እየተፋ በጉልበቱ ተንበረከከ።

መቺው የዎርክሾፑ ባለቤት የነበረው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ተመቺው ደግሞ የሟቹ አማች፣ የዎርክሾፑ ፎርማን።

«ወንድሜን ገድሎ ቆሞ ያየኛል» አለ ወንድምየው እያለከለከ። «ለቀቅ አድርጉኝና ልጨርሰው።»

«ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለው ኢንስፔክተሩ።

በጣቢያው ይህን ኢንስፔክተር «ይደገም» ይሉታል። ጆሮዬ አይሰማም እያለ ሰውን ሁሉ የተናገረውን ያስደግማል። ጆሮው በእውነት ይታመም አይታመም የሚያውቅ የለም፤ ሁለተኛው ቃሉ ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ብሎት ወህኒ የወረደ ሰው ግን ብዙ ነው።

ወንድምየው የገበያ ሰው ነው። ብረት ይገዛል፣ ያለቀለትን ሞልድ ለፋብሪካዎች ይሸጣል። ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። ሞልዱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ከብረት የተሠራ፣ እንደ መስታወት የተወለወለ ነው። የሚታጠብበት ዘይት እንዲወርድ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከፊት ጠርዙ ላይ ሞልዱን የሚያግድ ማቆሚያ ብረት በብሎን ይታሰራል፤ ከሥሩ ደግሞ የሚወርደውን ዘይት የሚቀበል ትሪ አለ።

«ወንድሜ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ተንበርክኮ ትሪውን ያያል። ከዘይቱ ጋር የወረደውን የብረት ብናኝ አይቶ ማን ሥራ እንዳበላሸ ያውቃል። ካላየ ሥራ አይጀመርም። ይኸ ውሻ ቅዳሜ ማቆሚያውን ፈታው። ጠረጴዛውን ዘይት ቀባው። ከዚያ ሄደ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«አንተ የት ነበርክ?»

«በር ላይ። ከዘበኛው ጋር ከመኪና ብረት እናወርዳለን። ድምፁን ስሰማ ሮጬ ገባሁ። እሱን እንደዚያ ሆኖ ሳየው…» ንግግሩን አቋረጠና ግንባሩን ዳሰሰ። ከቅንድቡ በላይ አዲስ እብጠት ነበር።

«ይኸስ? እሱ ነው የመታህ?»

«እሱ ማንን ይመታል። ስገባ የክሬኑ መንጠቆ ነው የመታኝ። እየተወዛወዘ መጥቶ ዓይኔን ሊያወጣው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ውስጥ ተመለሰና ቀና ብሎ አየ። ጣሪያው ላይ በሐዲድ የሚሄድ፣ በእጅ የሚጎተት የሰንሰለት ክሬን አለ። መንጠቆው በሰው ቁመት ልክ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ሥራ ሲያልቅ መንጠቆው እስከ ላይ ይሰቀል» ተብሎ ተጽፏል።

ፎርማኑን ያነጋገረው መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። ሰውየው ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ ተቀምጧል።

«ማቆሚያውን የፈታኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ተጣሞ ነበር። ቅዳሜ በያጁ ዘግቶ ስለነበር ዛሬ በማለዳ ወሰድኩት። እዚያው ቆሜ ሲበየድ ነው ና ብለው የጠሩኝ። በያጁን ጠይቁት።»

«መጣመሙን ማን አየ?»

«ሚስቴ። ላይኛው ፎቅ ንድፍ የምትሠራው እሷ ነች። ቅዳሜ ወርዳ አየችና ቶሎ አስበይደው አለችኝ።»

«ዘይቱንስ?»

«እኔ ነኝ የቀባሁት። እንዳይዝግ ሁልጊዜ ይቀባል። ሞልዱን በክሬኑ አንስቼ ከሥሩ ቀባሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እስኪቀመጥ ድረስ ሰንሰለቱን ወጥሬ ተውኩት።»

«እስኪቀመጥ ማለት?»

«እኛ እንደሱ ነው የምንለው። ዘይቱ ትኩስ ሲሆን ብረቱ ይዋኛል። ቆይቶ ይረግጣል። ማታ ሰንሰለቱን ፈትቼ መንጠቆውን ሰቀልኩ። በትከሻዬ ገፋሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ትናንት ደግሞ መጥቼ ገፋሁት። እንደተበየደ ነው። ይኸን ብናገር ማን ያምነኛል?»

«ከአማትህ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

ፎርማኑ ጨርቁን ከከንፈሩ አነሣ። «ዓርብ ዕለት በጥፊ መታኝ» አለ። «በሠራተኛ ፊት። የክዳን ሞልድ አበላሸህ ብሎ።»

«አንተስ ጥፊውን የት አደረስከው?»

«አልገባኝም።»

«ቤትህ ይዘኸው ገብተህ እንደሆነ ብዬ ነው።» ኢንስፔክተሩ ዓይኑን የሰውየው የጣት አንጓዎች ላይ ጣለ። ቆዳቸው ተልጦ መጠገግ ጀምሯል። ፎርማኑ እጁን ጉልበቱ ሥር ደበቀ።

«ሚስቴን መታሁ አልመታሁ ይኸ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ሰው ግን አልገደልኩም።»

«እሱን እናያለን» አለና ለሳጅኑ ካቴና እንዲያጠልቅለት ምልክት ሰጠ። የወንድምየው ቧንቧ እዚያው ግቢ ስለነበረ፣ መታሰሩ ለጊዜው ለራሱም ይበጀው ነበር።

ሞልዱ በክሬን ተነሥቶ አስከሬኑ ከወጣ በኋላ፣ ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። የራሱን ፊት አየ። ሞልዱ ተቀምጦበት የነበረውን ቦታ በሙሉ ዘይት ሸፍኖታል። ጣቱን ሲጎትትበት መንገድ ወጣለት። መነጽሩን አድርጎ፣ ከላይ እስከ ጠርዙ ድረስ ብረቱ የተንሸራተተበትን ሁሉ በባትሪ ብርሃን ተከተለው። አንዲት ጭረት አላገኘም። የሞልዱንም ሆድ ከሥር ሆኖ አየው፤ እንደዚያው ልስልስ ነው።

«ግማሽ ቶን ብረት በብረት ላይ ሄዶ ምንም አልጫረም» አለ።

«ዘይት ስላለው ነዋ» አለ ሳጅኑ።

«አዎ። ዘይት ስላለው።» ከዚያ ሞልዱን በዚያው ዘይት ላይ መልሰው እንዲያስቀምጡት፣ ሰንሰለቱንም ወጥረው እስከ ነገ እንዲተውት አዘዘ።

ዘበኛው በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሽማግሌ ነው።

«ምን ሰማህ?»

«ብረት ሲወድቅ ሰማሁ፣ ኢንስፔክተር።»

«ድገምልኝ፤ በዚህኛው በኩል።»

«ብረት ሲወድቅ… ማለቴ፣ መጀመሪያ ሰንሰለቱ ኮርኮር አለ። ከዚያ ዝም አለ። ጌታዬ ገብቶ ትንሽ ቆየ። ደግሞ አንዴ ኮርኮር አለና ወዲያው ብረቱ ወደቀ።»

«ሰንሰለቱን ማን ጎተተው?»

«ጌታዬ ራሱ መስሎኝ ነበር። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«መጀመሪያ ኮርኮር ሲል ጌታህ ገብቶ ነበር?»

ሽማግሌው «አይ» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔ ገና አልገባም ነበር።»

የንድፍ ክፍሉ በእንጨት ደረጃ የሚወጣበት፣ አንዱ መስኮቱ ወደ ዎርክሾፑ የሚያይ ክፍል ነው። የሟቹ ልጅ ጥቁር ሹራብ ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ጣቶቿ ሥር ስባ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ከግራ ዓይኗ በታች ያለውን ቢጫ ምልክት በዱቄት ሸፍናዋለች።

«ልጄ፣ ጥቂት ላስቸግርሽ ነው» አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ድምፁን ሰምቼ ወረድኩ። አጎቴ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር።»

«ምን ይመስልሻል? ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ዝም ብሎ የተቀመጠ ብረት፣ ዛሬ ምን አስነሣው?»

«ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው» አለች። «ሲቆይ በመሀል እየገባ ያላላል። ማቆሚያውም አልነበረም። ባለቤቴ ሊያስብበት ይገባ ነበር።»

«እኔ እንኳ ከዘይት የማውቀው የምግቡን ነው።» ከጠረጴዛዋ ላይ ካለች የእንጨት ሳጥን ውስጥ እንደ ዶሚኖ ጠጠር ያሉ፣ የሚያብረቀርቁ የመለኪያ ብረቶች አየ። ሁለቱን አንሥቶ እያሻሸ ሲጫወትባቸው ተጣበቁ። ሊያላቅቃቸው ጎተተ። እምቢ አሉት። ፊቱ ቀላ። «ማግኔት ናቸው እንዴ እነዚህ?»

«ይስጡኝ።» ተቀበለችውና ሳታስበው በአውራ ጣቷ አጠማዛ ወደ ጎን ገፋቻቸው። ተለያዩ። «ተጎትተው አይላቀቁም። በመሀላቸው የቀረችው ዘይት በጣም ስለሳሳች ነው አጥብቃ የያዘቻቸው። ወፈር ያለ ዘይት ቢሆን ኖሮ በራሳቸው ይንሸራተቱ ነበር።»

ብረቶቹን ወደ ሳጥኑ መለሰችና ክዳኑን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ለጠየቃት ሁሉ አዎና አይደለም ብቻ መለሰች። ክዳኑን ስትዘጋ እጅጌዋ ተሰብስቦ ነበር፤ በእጅ አንጓዋ ዙሪያ የአራት ጣት ምልክት ጠቁሮ ይታያል። ኢንስፔክተሩ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

የሟቹን ሚስት ከዎርክሾፑ ጀርባ ባለው መኖሪያ ቤት አገኛት። በግራ እጇ በር ከፈተችለት፤ በግራ እጇ ወንበር አቀረበችለት። የራስ ሻሿ ሲፈታ በግራ እጇ ብቻ መልሳ ልታስረው ታገለችና ተወችው። ጠዋት ልብስ እያጠበች እንደነበር ተናገረች።

«ልጅዎን አዩአት?»

«አላየኋትም።»

«በግራ ጆሮዬ ነው ያሉኝ። አዩአት?»

«አላየኋትም አልኩ» አለች ሴትየዋ። ሁለቱም ቃሎቿ ገጠሙ። ድምፅዋ ግን በሁለተኛው ተሰበረ።

በማግስቱ ሁሉም በዎርክሾፑ ተሰበሰቡ። ወለሉ ታጥቧል፤ ግን ሲሚንቶው የጠጣው ደም ጥቁር ሆኖ ቀርቷል። ወንድምየው ብረት በሚቀርጸው የቶርኖ ማሽን አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ፎርማኑ በካቴና ታስሮ ሳጅኑ አጠገብ ነው። እናትና ልጅ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዘበኛው በሩን ይዟል። ሟቹ ይንበረከክበት በነበረው ቦታ አሸዋ የሞሉ ጆንያዎች ተደርድረዋል።

ሞልዱ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ኢንስፔክተሩ ሰንሰለቱን አስፈታ። የማቆሚያው ቦታ ባዶ ነው። ሞልዱ አልተንቀሳቀሰም።

«ግፋው» አለው ወንድምየውን።

ወንድምየው ትከሻውን አስገብቶ ገፋ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ሞከረና ላቡን እየጠረገ ተመለሰ።

«በመሀሉ ዘይት አለ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ትናንት በዚያው ዘይት ላይ ነው ያስቀመጥነው። ምነው እምቢ አለ?» የሞልዱን ጠርዝ በመዳፉ መታ። «ዘይት በሁለት ብረት መሀል በደንብ ሲኖር ብረቶቹ አይነካኩም። የላይኛው በፈሳሽ ላይ ይዋኛል። ክብደቱ ሲጫነው ግን ዘይቱ በጠርዝ በጠርዙ ይወጣል። የሚቀረው ዓይን የማያየው ስስ ነገር ነው። እሱ ደግሞ እንደ ፈሳሽ መሆኑን ይተውና እንደ ሙጫ ይይዛል። ይኸንን ያስተማረኝ ሰው እዚሁ ተቀምጧል፤ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።»

ሳጅኑ ክሬኑን ጎተተ። ሞልዱ ከጠረጴዛው ጣት የምታስገባ ያህል ተነሣ። ኢንስፔክተሩ ራሱ በብሩሽ ከሥሩ አዲስ ዘይት አዳረሰ። ሞልዱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሰንሰለቱ ግን እንደተወጠረ ከኋላ ይዞታል።

«አሁን ልቀቀው።»

ሰንሰለቱ አንዴ ኮርኮር ብሎ ላላና መንጠቆው ከሞልዱ ወለቀ። ሞልዱ ያለ ድምፅ፣ እንደ ጀልባ ተነሥቶ ወረደ። ጠርዙን ሲያልፍ ተገለበጠና ጆንያዎቹ ላይ አረፈ። ጆንያዎቹ ፈነዱ፤ አሸዋው ግድግዳውን መታው። የሟቹ ሚስት በመዳፏ ፊቷን ሸፈነች። ወንድምየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። የወለቀው መንጠቆ በሰው ግንባር ቁመት ይወዛወዛል።

«እንግዲህ በዚህ እንጀምር» አለ ኢንስፔክተሩ። «ቅዳሜ የተቀባው ዘይት ከሆነ ሰኞ ጠዋት ብረቱ እንደተበየደ ነበር። ፎርማኑ እውነቱን ነው። በዚያ ሁኔታ በሆነ ጉልበት እንኳ ቢወርድ ጠረጴዛውን ይጭረው ነበር፤ ብረት ብረትን ይነክሳላ። እኔ ግን ያገኘሁት ጭረት የሌለበት ጠረጴዛና በጣት ሲነካ መንገድ የሚወጣለት ዘይት ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ሞልዱን አንሥቶ አዲስ ዘይት ቀብቷል።»

«ከዚያስ?» አለ ወንድምየው።

«ከዚያማ አሁን አይተኸዋል፤ ትኩስ ዘይት ላይ ያለ ብረት አይጠብቅም። የሚይዘው ከሌለ ወዲያው ይወርዳል። ወንድምህ መጥቶ እስኪንበረከክ ድረስ የያዘው ሰንሰለቱ ነው። ሰንሰለት መታሰሩ ደግሞ ወንድምህን አላስፈራውም፤ እንዲያውም ብረቱ ታስሯል ብሎ አመነ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ሁለቴ ሰምቷል። አንዴ ሟቹ ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ብረቱ ሊወድቅ ሲል። መንጠቆው አንተን ሲመታህ ገና እየተወዛወዘ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ወንድምህ ሲሞት እዚህ ቆሟል። ሰንሰለቱን ይዞ፣ ከላይ እያየው። አንተ ሮጠህ እስክትገባ ደግሞ ተሰውሯል።»

ኢንስፔክተሩ ቀጠለ።

«ፎርማኑ በያጁ ቤት ነበር፤ ጠይቀናል። አንተና ዘበኛው በር ላይ ነበራችሁ። ሌላ ሠራተኛ ገና አልገባም። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ሁሉም ዓይን ወደ አግዳሚው ወንበር ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለች እናትየው። ቀስ ብላ ተነሣች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ልጄ ምንም አታውቅም።»

«እሺ» አለ ኢንስፔክተሩ በትሕትና። «እንግዲያው ሰንሰለቱን ይጎትቱልኝ።»

ሴትየዋ ወደ ሰንሰለቱ ሄደች። ቀኝ እጇን አነሣች። ትከሻዋ ላይ ሲደርስ እጇ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። በግራዋ ብቻ ይዛ ጎተተች። ሰንሰለቱ በሁለት እጅ ተራ በተራ የሚሳብ ነው፤ ጥቂት ወርዶ ተመለሰባት።

«ክንድዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ከደረጃ ወድቄ።»

«አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ።»

ሴትየዋ ባሏ የሞተበትን ቦታ አየች። «ጣለኝ» አለች።

«እማዬን ይተዉአት» አለች ልጅየዋ ከተቀመጠችበት። ድምፅዋ ልክ የሥራ ነገር እንደምታስረዳ ነበር። «እኔ መሆኔን ካወቁ ቆይተዋል።»

«ትናንት ነው ያወቅሁት። ስለ አባትሽ ስጠይቅሽ ዘይት ሲቆይ ያላላል አልሽኝ። ትንንሾቹን ብረቶች ስሰጥሽ ደግሞ ሲሳሳ ያጠብቃል አልሽኝ። የምታውቂውን ነገር ገልብጠሽ የምትነግሪኝ በምክንያት መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ማቆሚያው ተጣሟል ብሎ ያስፈታውም ሰው አንቺ ነሽ። በያጁ ማቆሚያውን ሲያሳየኝ ጎኑ ላይ የመዶሻ ምልክት ነበረበት። አንቺ ነሽ ያጣመምሽው?»

«አዎ።»

«ባልሽ እንዲጠየቅበት?»

«አዎ። አንዱ እንዲሞት፣ አንዱ በሱ እንዲታሰር።»

ፎርማኑ ካቴናውን አንቀጫቀጨ። «ሰማችሁ? ሰማችሁ አይደል? አብዳለች።»

እሷ አላየችውም። «የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ» አለች ወደ ኢንስፔክተሩ። «የልጁ አልጋ ገና አልተገዛም። ባሌ እራት ቀዘቀዘ ብሎ ሆዴ ላይ ረገጠኝ። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ አባዬ መጣ። ሊወስደኝ የመጣ መስሎኝ ልብሴን ለበስኩ። መኪናው ውስጥ አስገባኝና እዚያው የባሌ ቤት በር ላይ አወረደኝ። ‹ትንሽ ተመታሽ እንጂ አልሞትሽም› አለኝ። ከዚያ ፀጉሬን ይዞ አስገባኝና ለሱ አስረከበኝ። እኔ በሁለቱ መሀል ስንት ዓመት እንደተፈጨሁ እማዬ ታውቃለች። ሰኞ ጠዋት ሲንበረከክ ‹ማን ነው ያሰረው?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹እኔ ነኝ፣ እንዳይወድቅ› አልኩት። ‹ጎበዝ› አለኝ። በሕይወቴ ‹ጎበዝ› ብሎኝ አያውቅም። ለትንሽ ጊዜ እጄ ቆመ። ከዚያ ለቀቅሁት።»

ወንድምየው ቶርኖውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «እኔ ይኸን ሁሉ አላውቅም ነበር» አለ።

«ታውቅ ነበር» አለች የወንድሙ ሚስት። «ክንዴን ሲሰብረኝ አንተ ማዶ ክፍል እራት ትበላ ነበር። ማንኪያህን እንኳ አላስቀመጥክም።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ።

ኢንስፔክተሩ ለሳጅኑ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰውየው አልገደለም። ፍታው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ፈታ። ፎርማኑ እጁን አሻሸ፤ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ ከዚያ ማንም ሳያስበው በሁለት እርምጃ ሚስቱ ጋ ደረሰና በጡጫ አፏን መታት። ከወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀች። ሊረግጣት እግሩን ሲያነሣ ወንድምየው ተወርውሮ ጉሮሮውን ያዘው። ሁለቱም ተያይዘው በፈሰሰው አሸዋ ላይ ተንከባለሉ። የፎርማኑ ፊት ጠቆረ፤ ተረከዙ ወለሉን ደበደበ። ሳጅኑና ዘበኛው የወንድምየውን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቀው ባያላቅቁ ኖሮ በዚያች ግቢ ሁለተኛ ሬሳ ይወጣ ነበር።

«ካቴናውን መልስለት» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ንጹሕ ነህ ብለውኛል» አለ ፎርማኑ እያሳለ።

«ከአማትህ ሞት። ከሷና ከልጅህ አላልኩም። ትናንት የእናንተ ጉዳይ አይደለም ብለኸኝ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የኛ ነው።»

እናትየዋ ልጅዋን አቅፋ አስነሣቻት። በግራ እጇ በሻሿ ጫፍ ደሟን ትጠርግላታለች። ኢንስፔክተሩ ፊታቸው ቆመ። በሥራው ዘመን ብዙ ሰው አስሯል፤ እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ግን እግሩ ቶሎ አልታዘዝ አለው።

«ልጄ፣ እንዲህ ከመሆኑ በፊት ለምን ወደ እኛ አልመጣሽም?»

«መጥቻለሁ» አለች።

«ወደ ጣቢያው?»

«ሁለቴ። አንዴ ከንፈሬ ተሰንጥቆ። አንዴ ደግሞ ከሆስፒታሉ በፊት፣ ደም እየፈሰሰኝ። በሩ ላይ አቆሙኝ። ‹የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ቤታችሁ ጨርሱት› ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ዓይኗን ብቻ አነሣች። ኢንስፔክተሩ ዓይኗን ተከትሎ ሲዞር፣ ሳጅኑ የካቴናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ጫማውን ያያል። የጆሮው ጫፍ ቀልቷል።

«ጌታዬ፣ በዚያን ጊዜ…» ብሎ ጀመረ ሳጅኑ።

«ለኔ አይደለም የምትነግረኝ።» ኢንስፔክተሩ ወደ ልጅቷ ተመለሰ። «ቃልሽን ስትሰጪ ይኸንንም ተናገሪ። የረገጠሽን፣ የመለሰሽን፣ ያባረረሽን። ማንንም አትዝለዪ። ያደረግሽውን ቀላል አያደርገውም፤ ዳኛው ግን ሁሉንም መስማት አለበት።»

«ዳኛው ይሰማሉ?»

«እኔ ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ» አለ። ከዚያ በላይ ቃል ሊሰጣት አልደፈረም።

ከሳጅኑ እጅ የመኪናውን ቁልፍ ወሰደ። ከኋላ፣ በሽቦ በተከፈለው ወንበር፣ ፎርማኑን አስገባ። ሳጅኑንም ከጎኑ እንዲቀመጥ አዘዘው። ሳጅኑ የኢንስፔክተሩን ፊት ሲያይ ገባና በሩን ዘጋ። ሁለቱ ትከሻቸው ተነካክቶ ተቀመጡ፤ አንዱም አንዱን አላየም።

ልጅቷ ከፊት ገባች። እናትዋ ማንም ሳይጠራት ከጎኗ ገብታ በሩን በግራ እጇ ሳበችው። ኢንስፔክተሩ ውረጂ አላላትም። ሞተሩን አስነሣና ቀስ ብሎ ከግቢው ወጣ።